መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ ዱላ

አባቴ እሁድ እሁድ ሰው ይገድል ነበር። መግደያው ከተሰበረ ጠረጴዛ የተነቀለ እግር ነው፤ ሟቹ ደግሞ እርጥብ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀበት ጆንያ። ከመድረኩ ጀርባ፣ ግንብና ሰማይ ከተሣለበት ትልቅ ጨርቅ ኋላ ቆሞ ጆንያውን ሲያቀምሰው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው "ውይ!" ብሎ ፊቱን ይሸፍናል። ጆንያ መጮህ ስለማይችል የጩኸቱ ሥራ የእናቴ ነበር።

እናቴ የቴአትር ቡድኑ ዋና ተዋናይ ነበረች። ያልሞተችበት ድርሰት የለም። ንግሥት ሆና ሞታለች፣ ሙሽራ ሆና ሞታለች፣ አንዴ እንዲያውም ነርስ ሆና ሞታለች። ታዲያ ሁልጊዜ የምትሞተው ከጨርቁ ኋላ ነው፤ ሰው ፊት ሞታ አታውቅም። ይህን ሕግ ያመጣብን አዘጋጁ ነው።

አዘጋጁን ግሪኩ እንለዋለን። ግሪክ ሆኖ አይደለም፤ እንደማንኛችንም እኛው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ቴአትር ተምሮ ሲመለስ አንድ የሱፍ ኮትና አንድ ጭንቅላት ሙሉ ቃል ይዞ መጣ። ኮቱን በሙቀትም አያወልቀውም፣ ቃላቱንም እንደዚያው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁላችንንም ወንበር ላይ ይደረድርና ያስቀጽለናል።

"እንግሊዝኛ ተናገርን ብላችሁ የምትኩራሩበት ቃል ግማሹ የግሪክ ነው። እነሱ ከግሪክ ወሰዱ፣ እኛ ከነሱ ወሰድን። ቴአትር?"

"ማያ ቦታ!" እንላለን በአንድ ድምፅ።

"ድራማ?"

"ማድረግ!"

"ኦርኬስትራ?"

"መጨፈሪያ ሜዳ!"

"ትራጄዲ?"

"የፍየል ዘፈን!" እዚህ ላይ ሁሌም ሳቅ ነው። አንድ ሆዳም ተዋናይ አንድ ቀን እጁን አወጣና፣ "ጋሼ፣ ሽንት ቤትስ በግሪክ ምንድን ነው?" አለው። ግሪኩ ሳይስቅ፣ "እሱ የራስህ ነው፣ ከማንም አልተዋስከውም" አለና ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ።

እኔ እነዚህን ቃላት እንደ ከረሜላ ነበር የማላምጣቸው። ከሁሉ የምወደው ሲን የሚለውን ነበር። የቴአትር ትዕይንት ሲን የተባለው ስኬኔ ከሚለው ነው፣ ይላል ግሪኩ፣ ድንኳን ማለት ነው። ጥንት ከመጫወቻው ኋላ ተዋናዮች ልብስ የሚቀይሩበት ድንኳን ይተከል ነበር፤ በድርሰቱ ውስጥ ሰው ሲገደልም ብዙውን ጊዜ የሚገደለው እዚያ ውስጥ ነው። ተመልካች አያይም፣ ይሰማል። ከዚያ መልእክተኛ ይወጣና የሆነውን ለሕዝቡ ይናገራል። የእኛ ድንኳን ያ ጨርቅ ነበር፤ አባቴ የድንኳኑ ነዋሪ።

"መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ ዱላ" እያለ ግሪኩ አባቴንና እናቴን ያለማምዳቸዋል። "ዱላው ከቀደመ ሰው የሚሰማው ጆንያ ነው። ጩኸቱ ከቀደመ ግን አጥንት ይሰማል። ጩኸቱ የሟች ድርሻ ነው፤ ማንም አይቀማውም!"

አባቴ በእጁ ጎበዝ ነበር። ቆርቆሮ ነቅንቆ ነጎድጓድ ያመጣል፣ ጥሬ በሰፊ ሳህን ላይ እያንከባለለ ዝናብ ያዘንባል። ጭኑን በመዳፉ እየመታ ፈረስ ሲያስጋልብ ፈረሱ ሲደክመው እንኳ ይታወቅ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም ነኝ። ወጣት ሳለ ተዋናይ ሊሆን ሞክሮ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ምላሱ እየታሰረበት፣ ግሪኩ ከጨርቁ ኋላ አስገባው አሉ። ማያ ቦታ በሚባል ቤት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የማይታይ ሰው ሆኖ ቀረ። እናቴ እጅ ነስታ ሲጨበጨብላት እሱ ጆንያውን ወደ ጥግ ሲጎትት አየው ነበር። ያኔ የደከመው ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። የእነሱን አልጋ ከእኔ ፍራሽ የሚለየው ከመድረክ ጡረታ የወጣ ጨርቅ ሲሆን፣ ባሕርና ግማሽ መርከብ ተሥሎበታል። እራት ከተበላ በኋላ አንዳንድ ቀን ከባሕሩ ኋላ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ የአባቴ ትንፋሽ፦ እህ፣ እህ። የእናቴ ድምፅ ግን የለም።

"አባዬ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?" አልኩ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን።

ድምፁ ቆመ። "ልምምድ ነው። ተኚ።"

"እማዬስ ለምን አትጮህም?"

የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ከታች፣ ከወለሉ አካባቢ። "ድምፄን እየቆጠብኩ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ለእሁድ።"

አመንኩ። ለምን አላምንም? ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ የሚሠራ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። እንዲያውም ኮራሁባቸው። ሌሎቹ ተዋናዮች ከአዳራሹ ሲወጡ ሥራውን እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ፣ የእኔ እናትና አባት ግን ቤትም ይዘውት ይመጣሉ ብዬ ለሰፈር ልጆች ጉራዬን ነዛሁ። የአንዷ ልጅ እናት ይህን ስትሰማ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝና ራሴን ዳበሰችኝ፤ ጎበዝ ስላልኳቸው መሰለኝ። የቤታችን ግድግዳ ሳል የሚያሳልፍ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ለማለት ነው። ዛሬም ያቺን ዳቦ ሳስባት ደሜ ይፈላል።

ከሚያውቁት አንዷ የቡድኑ ልብስ ሰፊ ናት፤ እትዬ መርፌ እንላታለን። አንድ ቀን ለአዲሱ ድርሰት የንግሥት ቀሚስ ስትለካላት እናቴ ሸሚዟን አወለቀች። ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ዘለበት ቅርጽ ነበረ፣ አንዱ ደም የቋጠረ፣ ሌላው ወደ ቢጫ የዞረ፣ ሌላው ደግሞ ገና ቀይ። እትዬ መርፌ አፏ በመርፌ ቁልፍ ተሞልቶ ነበርና ከጥርሷ መሐል ነው የተናገረችው።

"ይሄ ሰውዬ ይገድልሻል።"

"እባክሽ፣ ልጅቷ..." አለች እናቴ።

"ትስማ! አንቺን ሲጨርስ ወደ ማን የሚዞር መሰለሽ?"

"ወደሷማ አይዞርም። እሷን አይነካም። እሷን የነካ ቀን..." አለችና ተወችው።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነበር። በዚያው ሳምንት ግሪኩ ካራክተር የሚለውን ቃል አስተምሮናል፤ በመቅረጫ ብረት ተወግቶ የሚቀር ምልክት ማለት ነው ብሏል። "እትዬ፣ አትፍሪ" አልኳት፣ "ካራክተር እኮ ነው! ልምምድ ሲበዛ የሚቀረጽ ነው!" እትዬ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ክፍሉን ጥላ ወጣች። እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ጎኗን ያዘች።

አዲሱን ድርሰት የጻፈው ራሱ ግሪኩ ነው። አንዲት ንግሥት ጠላቶቿ ወደ ተደበቁበት ድንኳን ብቻዋን ትገባለች። ገዳዩ ጭራሽ አይታይም። ጩኸት፣ ዱላ፣ ዝምታ፤ ከዚያ መልእክተኛዋ ወጥታ ለሕዝቡ ታረዳለች። መልእክተኛዋ ሕፃን ትሁን አለ ግሪኩ፤ ሞትን ሕፃን ሲናገረው ይከብዳል። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ትቶን ቀድሞ ሄደ። በር ከተዘጋ በኋላ ለእናቴ፣ "አንቺ አልበቃሽ ብሎ ልጄንም ሰው ፊት ልታቆሚያት ነው?" አላት። "እኔን እዚያ ጨርቅ ውስጥ ቀብራችሁ እናትና ልጅ ሊጨበጨብላችሁ!" እራት ሳይበላ ልምምድ ጀመሩ። ያን ቀን ልምምዱ ረጅም ነበር፤ ግማሹ መርከብ ላይ የደም ጠብታ ተረጨ። ጠዋት እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው፣ ቀለም የቀባች መስሎኝ ልርዳሽ አልኳት።

እሁድ ደረሰ። እናቴ ለልብስ በጠዋት ወደ አዳራሹ ሄዳ፣ አባቴና እኔ ቤት ቀረን። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ሲጠጣ ነው ያደረው። እኔ ከመስታወቱ ፊት ቆሜ የመልእክተኛዋን ቃል በቃሌ እለዋለሁ። "ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ! ንግሥታችሁ ወደቀች!"

"ዝም በይ።"

"ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ!"

እንዴት ከተቀመጠበት እንደተነሳ አላየሁም። የመጀመሪያው ጥፊ ከግድግዳው አላተመኝ። ስወድቅ ከንፈሬ በአልጋው ብረት ተተረተረ። ከዚያ በእግሩ መጣ፦ ሆዴን፣ ጎኔን። እህ፣ እህ። ያንን ትንፋሽ ከባሕሩ ኋላ ስሰማው ኖሬ አሁን ፊቴ ላይ ሞቀኝ። ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከሕመሙ በላይ ደስ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ከጨርቁ ወዲያ አስገብተውኝ የማያውቁት ሰዎች አሁን ልምምድ ውስጥ አስገቡኝ። ስለዚህ ከንፈሬን ገጥሜ ዝም አልኩ። እንደ እናቴ ድምፄን ቆጠብኩ።

አዳራሹ ስደርስ እናቴ የንግሥት ልብሷን ለብሳ፣ ዘውዷን ደፍታ ዓይኗን ትኳል ነበር። ሮጬ ሄድኩና፣ "እማዬ! አባዬ ዛሬ እኔንም አለማመደኝ!" አልኳት።

እጇ ዓይኗ ሥር ቆመ።

"አልጮህኩም እኮ" አልኩ፣ በተሰነጠቀው ከንፈሬ እየሳቅኩ። "ድምፄን ቆጠብኩ!"

እናቴ በመስታወቱ ውስጥ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ዞረች፣ ከንፈሬን በጥጥ ጠረገችው፣ ያበጠውን ጉንጬን በመድረክ ቀለም አለበሰችው። "ጎበዝ" አለችኝ። ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝና፣ "ዛሬ ከጨርቁ ኋላ የምትሰሚውን ሁሉ ወጥተሽ ለሰው ንገሪ። ጮክ ብለሽ። እሺ?" አለችኝ። ቃሌን የምታስጠናኝ ነበር የመሰለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። እኔ የምጠብቀው ከመድረኩ ጎን፣ ከጨርቁ ጠርዝ አጠገብ ነው። እዚያ ሆኖ ከጨርቁ ኋላ ያለው አይታይም፤ ይሰማል ግን። ንግሥቲቱ የመጨረሻ ንግግሯን ተናገረች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወደ ድንኳኑ ገባች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም ጩኸቷን ጠበቅኩ።

ዱብ።

ዱላው ቀደመ። "እህ" የሚል የአባቴ ትንፋሽ ተከተለ። ደግሞ ዱብ። የወደቀ ነገር። ደግሞ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ድምፁ እየረጠበ ሄደ። ጩኸት የለም።

በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ትርኢት ላይ ጩኸት ይቀድማል። ዱላ የሚቀድመው፣ እናቴ ዝም የምትለው ቤት ነው፣ ልምምድ ላይ ነው። ግን አሁን ትርኢት ነው፣ ሰው ፊት ነው። ትርኢት ላይ ልምምድ የለም። እንግዲያው ያ ነገር ዱሮም ልምምድ አልነበረም። ባሕሩ፣ ግማሹ መርከብ፣ ቀለሙ፣ ዘለበቱ፣ ዳቦዋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ እግሬ ሥር ሽንቴ ወረደ።

ወደ መድረኩ መሐል ሮጥኩ። ሰዎች ሆይ የሚለው ጠፋኝ። "አባዬ እማዬን እየገደላት ነው!" አልኩ።

ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ሁሉም። "እውነቴን ነው! ልምምድ አይደለም! በናታችሁ!" ስል ጭብጨባው ባሰ። ያን ያህል ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ጭብጨባ ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ያላጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ግሪኩ ከኋላ ረድፍ ተነሳ። "ይሄ በድርሰቱ የለም!" እያለ፣ ኮቱ እየተርገበገበ በሰው መሐል ሮጦ መጣ። ሰዉ እሱም ተዋናይ መስሎት አጨበጨበለት። መድረኩ ላይ ወጣ፣ ጨርቁን በሁለት እጁ ጨምድዶ ሳበው። ግንቡና ሰማዩ ከነማንጠልጠያ ብረቱ ተገንድሶ ወረደ።

አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልካች ፊት የታየው ያን ቀን ነው። በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ተከፍቷል፤ ደሙ ከተቀደደው ጆንያ የፈሰሰውን ሰጋቱራ አቅልሞታል። እናቴ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች፣ ዘውዷ ወደ ጆሮዋ ተንጋድዷል፣ የጠረጴዛው እግር ጉልበቷ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይደማል። ሕዝቡን አላየችም። እኔን ፈልጋ አገኘችኝና ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ጎበዝ ነው ያለችው።

ስለ ፍርድ ቤቱ ብዙም አላወራ። አባቴ ሳይናገር በማግስቱ ሞቶ ነበር፤ እናቴም ዕድሜ ልክ እንዳይፈረድባት ተፈርቷል። ሐኪሙ ስለ አውቶፕሲው፣ ስለ አስከሬኑ ምርመራ ሲያስረዳ ግሪኩ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "በገዛ ዓይን ማየት ማለት ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ሐኪሙ የመጀመሪያው ምት ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው አለ። ዐቃቤ ሕጉም ብድግ ብሎ፣ "ከኋላ! ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከኋላ! ይህች ሴት ተዋናይ ናት፤ ማስመሰል እንጀራዋ ነው!" ሲል፣ ግሪኩ ራሱን መግታት አቃተው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ግሪኮች ተዋናይን ሂፖክሪቴስ ያሉት አስመሳይ ለማለት አይደለም! መላሽ ነው ትርጉሙ! ስድብ ያደረጉት ኋላ የመጡት ናቸው!"

"ግሪኮቹን ትተህ ተቀመጥ" አሉት ዳኛው።

እኔንም ጠየቁኝ፣ የሰማሁትን ተናገርኩ። ዱላው ቀደመ፣ እናቴ አልጮኸችም፣ ቤታችንም እንደዚያ ነው አልኩ። አንድም ውሸት የለበትም። ከዚያ እትዬ መርፌ መጥታ ስለ ጀርባዋ መሰከረች። ከዚያ ተመልካቾቹ ተራ በተራ ቀረቡ። ምን አየህ፣ ምን አየሽ ሲባሉ፣ "ሲደበድባት አይተናል፤ እሷ ነፍሷን ለማዳን ነው" አሉ። ጨርቁ እስኪወድቅ ድረስ አንዳቸውም ምንም አላዩም። ከእኔ አፍ የሰሙትን ነው ያዩት። ዳኛውም እናቴን ራሷን ስትከላከል ነው ብለው በነፃ አሰናበቷት።

እናቴ ከዚያ በኋላ መድረክ አልረገጠችም። እኔ ግን አድጌ፣ ይግረማችሁና፣ የአባቴን ሥራ ወረስኩ፤ ለሬዲዮ ድራማ ድምፅ እሠራለሁ። ጎመን እሰብራለሁ፣ እርጥብ ፎጣ ከጠረጴዛ አላትማለሁ፣ ሰዎችን በማይክሮፎን ፊት እገድላለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ትንፋሽ አዳምጫለሁ። ዱላ የሚያሳርፍ ሰው ትንፋሽ ከዱላው ጋር እኩል ይወጣል። ዱላ የሚያርፍበት ሰው ትንፋሽ ግን ይዘገያል። አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የአንድ ተዋናይ "እህ" ከዱላው በኋላ ሲመጣ ሰማሁና እጄ ላይ የነበረው ፎጣ ወደቀ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጨርቁ ኋላ የሰማሁት ትንፋሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው። ከዱላው በኋላ።

ሥራዬን ጥዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የልጄን ካልሲ ትጠቅም ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ላስፈራራት አልፈለግኩም፣ ልወቅሳትም አልፈለግኩም፤ መስማት ብቻ ነው የፈለግኩት።

"እማዬ፣ ያን ቀን ለምን አልጮህሽም?"

የትኛውን ቀን ነው አላለችም። መነጽሯን አወለቀች፣ ከንፈሬ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው።

"አንቺ ደግሞ" አለች፣ ወደ ካልሲዋ እየተመለሰች፣ "ግሪኩ ያን ሁሉ ዘመን ሲለፈልፍ የት ነበርሽ? ጩኸቱ የሟች ድርሻ ነው።"